«ሁሉ» የምትለዋ ቃል በሜቶዲስቶች ዘንድ

ለንደን ውስጥ በምኖርበት ሕንፃ፣ ከእኔ በር ትይዩ የሚኖሩ አንዲት ጋናዊት አዛውንት አሉ። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኋቸው ወዲህ እሳቸውም በዚሁ ስም ካልተጠሩ አይሰሙም። በአውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት የመጀመሪያ እሑድ ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር ወደ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያናቸው በመኪና እንዳደርሳቸው ጠየቁኝ። አድርሼ ልመለስ ነበር፤ ነገር ግን ብርዱ ስለጠናብኝ ገባሁና ከኋላ ተቀመጥሁ።

ዕለቱ ሜቶዲስቶች በየዓመቱ ቃል ኪዳናቸውን የሚያድሱበት ነበር። ሥርዓቱን የጀመረው የዚህ የፕሮቴስታንት እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊ በ1755 ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ጉባኤው በአንድነት ቆሞ «ከእንግዲህ የራሴ አይደለሁም፤ የአንተ ነኝ» ብሎ ይጀምርና፣ ለሥራም ሆነ ለመከራ አቁመኝ፣ ሙሉ ልሁን ባዶም ልሁን እያለ ይቀጥላል። ጎረቤቴ የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ወረቀቱን ሳያዩ በቃላቸው ይሉታል። እኔም አብሬ እያልሁ ነበር፤ «ባዶ» የምትለዋ ላይ ስደርስ ግን አፌ ተዘጋ። የሥራ ውሌ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ስለነበር ባዶነትን በገዛ አንደበቴ ለመለመን አልደፈርሁም።

ስንመለስ ሜቶዲስቶች ምን እንደሚያምኑ ጠየቅኋቸው። ብዙ አላብራሩም፤ ቤት ስንደርስ የመዝሙር መጽሐፋቸውን አውጥተው «አንብበህ መልስልኝ» አሉኝ። መጀመሪያ ጥያቄዬን የሸሹት መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት ግን፣ የዚህ ወግ ትምህርት የተላለፈው በጆን ዌስሊ ስብከቶች ብቻ ሳይሆን፣ ከ6,000 በላይ መዝሙራት በጻፈው በታናሽ ወንድሙ በቻርልስ ግጥሞችም ጭምር ነው። የእኛ ሊቃውንት ምሥጢሩን በቅኔና በዜማ እንዳኖሩት ማለት ነው።

አስቀድሜ ልናገረው የሚገባ ነገር አለ፤ ሜቶዲስቶች አዲስ የእምነት ቀኖና አላወጡም። ዌስሊ እስከ ዕለተ ሞቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበረ፤ በ1784 ለአሜሪካ ሜቶዲስቶች የሃይማኖት አንቀጾችን ሲያዘጋጅም የቤተ ክርስቲያኑን 39 አንቀጾች አሳጥሮ 24 አደረጋቸው፤ አሜሪካውያኑ ስለ አገራቸው መንግሥት አንድ ጨምረው 25 ሆኑ። በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ አንድ አምላክ በሦስት አካላት፣ የወልድ ሰው መሆን፣ ስቅለቱና ትንሣኤው፣ ለመዳን የሚያስፈልገው ሁሉ በቅዱሳት መጻሕፍት የሚገኝ መሆኑ ተዘርዝሯል። ጸሎተ ሃይማኖትን እያለ ያደገ ሰው አብዛኛውን ያውቀዋል። ልዩነቱን ግን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ስለ ክርስቶስ ሲናገሩ እንደ ኬልቄዶን ጉባኤ «ሁለት ባሕርያት» ይላሉ እንጂ እንደ ተዋሕዶ አይናገሩም፣ መንፈስ ቅዱስንም «ከአብና ከወልድ» የወጣ ይሉታል። በዚህ ላይ ሊቃውንት ለዘመናት ተከራክረውበታልና እኔ የምጨምረው የለኝም። የሜቶዲስቶች የራሳቸው ድምፅ ጎልቶ የሚሰማው በሌላ ቦታ ነው፤ እሱም ስለ ጸጋ ሲናገሩ ነው።

ዌስሊ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በፌብሩዋሪ 1709፣ አባቱ በሚያገለግልበት በኤፕወርዝ የሚገኘው የካህኑ ቤት በሌሊት ተቃጠለ። ሌሎቹ ልጆች ሲወጡ እሱ ፎቅ ላይ ቀረ። መሰላል ለማምጣት ጊዜ ስላልነበረ አንዱ ጎረቤት በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ ሕፃኑን በመስኮት አወጣው፤ ወዲያውም ጣሪያው ተደረመሰ። ዌስሊ በሕይወቱ ሙሉ ራሱን በነቢዩ ዘካርያስ ቃል «ከእሳት የተነጠቀ ትንታግ» እያለ ይጠራ ነበር። ይህን ታሪክ የማነሣው፣ ቀዳሚ ጸጋ የሚሉትን ትምህርት ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳልኝ ስላላገኘሁ ነው። ሕፃኑ መስኮቱ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሰዎቹ በመስኮቱ ሥር ነበሩ፤ እሱ ያደረገው ነገር ቢኖር እጁን መዘርጋት ነው።

እንደ ሜቶዲስቶች እምነት የሰው ልጅ በውድቀቱ ምክንያት በገዛ ኃይሉ ወደ እግዚአብሔር ሊመለስ አይችልም፤ በዚህ ከፕሮቴስታንቱ መምህር ከካልቪን ተከታዮች አይለዩም። የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። ማንም ሰው፣ ክርስቲያን ይሁን አይሁን፣ ከጸጋ ጨርሶ የተራቆተ አይደለም፤ ኅሊናው ሲወቅሰው፣ ደግ ነገር ሲናፍቅ፣ አንድ ሌሊት ያለ ምክንያት ስለ ፈጣሪው ማሰብ ሲጀምር፣ ይህ ሁሉ እርሱ ሳይጠይቅ ቀድሞ የመጣ ጸጋ ሥራ ነው። ይኸው ጸጋ የሞተውን ፈቃድ ነፍስ ስለሚዘራበት ሰው ጥሪውን ሊቀበልም ሊገፋም ይችላል። ወደ ቲቶ በተላከው መልእክት «ሰዎችን ሁሉ የሚያድን የእግዚአብሔር ጸጋ ተገልጦአልና» የሚለውን ቃል ሲያነቡ «ሁሉ» የምትለውን ቃል አጥብበው አይተረጉሟትም።

ይህች አንዲት ቃል ወዳጅን ከወዳጅ አጣልታለች። በ1739 በብሪስቶል አካባቢ ለከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሜዳ ላይ ይሰብክ የነበረው ጆርጅ ዋይትፊልድ ዌስሊን ጠርቶ ያስጀመረው እሱ ነው፤ ካህን ከቤተ መቅደስ ውጭ መስበኩን እንደ ነውር ይቈጥር የነበረው ዌስሊም እያመነታ ወጣ። ዋይትፊልድ እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ መርጦ ወስኗል የሚል ነበር፤ ዌስሊ ደግሞ በዚያው ዓመት ስለ ነጻ ጸጋ በሰበከው ስብከት፣ እንዲህ ያለው ትምህርት እግዚአብሔርን ከዲያብሎስ የከፋ ያደርገዋል እስከ ማለት ደረሰ። ንግግሩ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል፤ የምርጫን ትምህርት የሚያምኑ ወዳጆቼ በእግዚአብሔር ፍቅር ከማንም ባላነሰ ሲጽናኑ አይቻለሁና። ሁለቱ በመንገድ ተለያዩ፣ በፍቅር ግን ታረቁ፤ ዋይትፊልድ በ1770 ሲሞት ለንደን ላይ የመታሰቢያውን ስብከት የሰበከው ዌስሊ ነው።

ከቀዳሚው ጸጋ ቀጥሎ የሚያጸድቀው ጸጋ ይመጣል። ዌስሊ ራሱ ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። በኦክስፎርድ ሳለ ከወንድሙና ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በሰዓት የተከፋፈለ ኑሮ ይኖር ነበር፤ በሰዓት ይጸልያሉ፣ እስረኞችን ይጠይቃሉ፣ ይጾማሉ። «ሜቶዲስት» የሚለው ስም ያኔ በሥርዓት አክባሪነታቸው ለመሳለቅ የወጣላቸው ነው። በኋላ በአሜሪካ ወዳለችው ጆርጂያ ለስብከት ሲሄድ መርከባቸው በማዕበል ተመታ፤ እንግሊዛውያኑ ሲጮኹ ሞራቪያውያን የተባሉት ጀርመናውያን ክርስቲያኖች ከነልጆቻቸው መዝሙራቸውን ሳያቋርጡ ቀጠሉ። እርሱ ካህን ሆኖ ሞትን ፈርቶ ነበርና ያ ነገር ለዓመታት አልለቀቀውም። ሜይ 24 ቀን 1738 ምሽት፣ ለንደን ውስጥ አልደርስጌት በሚባል ጎዳና፣ ሳይወድ በሄደበት ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈውን መግቢያ ሲያነብ፣ በእኛ ሰዓት ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ልቡ እንግዳ በሆነ ሁኔታ ሲሞቅ እንደተሰማው በማስታወሻው ጽፏል። ክርስቶስ የእርሱን፣ የራሱን የዌስሊን ኃጢአት እንዳስወገደ ተረዳ።

እዚህ ላይ የልጅነቴን አንድ ቀን ልተርክ። ታላቅ ወንድሜ ጴንጤቆስጤ በሆነበት ዓመት እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ማዕድ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጥሁ ሳለ መጥቶ «ድነሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት እናቴ ከምጣዱ ዘወር ሳትል «መዳኑን የሚያውቅ ፈጣሪው ነው፤ አንተ ማን ነህ?» አለችው። እሱ ደግሞ ከሮሜ ምዕራፍ 8 «የእግዚአብሔር ልጆች መሆናችንን ያ መንፈስ ራሱ ከመንፈሳችን ጋር ይመሰክራል» የሚለውን ጠቀሰላት። ክርክሩ እንጀራው እስኪያርር ቀጠለ፤ ያንን እንጀራ ቁርስ አድርጌ የበላሁትም እኔ ነኝ።

ሜቶዲስቶች ስለ መዳን ርግጠኝነት የሚያስተምሩትን ሳነብ ሁለቱም ትዝ አሉኝ። ዌስሊ ወንድሜ የጠቀሰውን ያንኑ ጥቅስ ይዞ፣ ሰው ይቅር መባሉን ዛሬ ሊያውቅ እንደሚችል፣ ይህም ለጥቂት ቅዱሳን የተለየ ሳይሆን ለማንኛውም አማኝ የተሰጠ ስጦታ እንደሆነ ሰብኳል። ወዲያው ግን ይህ እውቀት የአሁን እንጂ የፍጻሜ ዋስትና እንዳልሆነ ይናገራል፤ ያመነ ሰው ጸጋውን ንቆ ሊወድቅ ይችላልና። መንፈስ መሰከረልኝ የሚል ሰውም ምስክርነቱ ፍቅርን፣ ሰላምንና ትሕትናን ካላፈራ ራሱን እንዳያታልል ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ለወንድሜ ግማሹን፣ ለእናቴም ግማሹን የፈረደ ይመስለኛል። ሁለቱንም ደስ ያሰኛቸዋል ብዬ ግን አላስብም።

ሦስተኛው የሚቀድሰው ጸጋ ነው፤ ለእኔ የሜቶዲስቶች ትምህርት እጅግ የሚከብደውም የሚያምረውም በዚህ ነው። ዌስሊ በአንድ ጽሑፉ ንስሐን የሃይማኖት በረንዳ፣ እምነትን በሩ፣ ቅድስናን ደግሞ ሃይማኖት ራሱ ይላቸዋል። እኔ በምሳሌው ያየሁት የአገሬን ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከቅኔ ማኅሌቱ አልፎ ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ የሚዘልቅ ሕንፃ። በር ላይ ቆሞ ገብቻለሁ ብሎ መርካት ለዌስሊ የማይታሰብ ነው። ይቅርታ ያገኘ ሰው መለወጥ አለበት፤ የለውጡም ፍጻሜ እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ፣ ባልንጀራንም እንደ ራስ መውደድ ነው። ይህንንም ክርስቲያናዊ ፍጹምነት ብሎ ጠራው፤ በዚህ ምድር ሳሉ ሊደርሱበት እንደሚቻልም አስተማረ።

ተቃዋሚዎቹ በዚህ ብዙ አላግጠውበታል። እሱም ፍጹምነት ሲል አለማወቅ፣ መሳሳት፣ መታመም ወይም መፈተን የሌለበት ሕይወት ማለቱ እንዳልሆነ ደጋግሞ አብራርቷል፤ የሚናገረው ስለ አሳብና ስለ ፍቅር ጥራት ነው። እሱ ራሱ ደረስሁበት ብሎ በአደባባይ አልተናገረም። ዛሬም በአሜሪካ ሜቶዲስቶች ዘንድ ለክህነት የሚቀርብ ሰው «በዚህ ሕይወት በፍቅር ፍጹም እንድትሆን ትጠባበቃለህን?» ተብሎ በጉባኤ ፊት ይጠየቃል፤ አዎን ብሎ መመለስም ይጠበቅበታል። እኔ ብሆን ድምፄ የሚወጣ አይመስለኝም።

ለእኛ አንባቢዎች ይህ ትምህርት እንግዳ የማይሆንበት ምክንያት አለ። ዌስሊ ከ1749 ጀምሮ ለምእመናኑ በ50 ቅጾች ባሳተመው የመንፈሳዊ ንባብ ስብስብ የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ በመቃርስ ስም የሚታወቁትን ድርሳናት አስገብቷል፤ ይህም መቃርስ በእኛ ስንክሳር የሚታሰበው የግብፅ መነኩሴ ነው። የዛሬ አጥኚዎች ድርሳናቱ ከሶርያ ምድር እንደ ወጡ ቢናገሩም፣ ዌስሊ ያነበባቸው እንደ ምሥራቅ አባቶች ቃል ነው። ኤፍሬም ሶርያዊንም ያደንቅ ነበር። ከበረሃ መነኮሳት የተማረውን ፍጹምነት ለእንግሊዝ ከሰል ቆፋሪዎችና ሸማኔዎች ሰበከ ማለት ነው። ከዚህ ስብከት በ19ኛው መቶ ዘመን የቅድስና እንቅስቃሴ ተወለደ፣ ከዚያም ጴንጤቆስጤያዊነት ወጣ። ወንድሜ ባያውቀውም የዌስሊ የልጅ ልጅ ነው።

ይህን ያህል የሚጠይቅ ትምህርት በስብከት ብቻ አይኖርም። በ1742 ብሪስቶል ላይ የጸሎት ቤታቸውን ዕዳ እንዴት እንክፈል ብለው ሲመክሩ፣ አንድ የመርከብ ካፒቴን እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ፔኒ ይስጥ አለ። ድሆች ናቸው፣ አይችሉም ሲሉት፣ «አሥራ አንዱን ድሆች ለእኔ ስጡኝ፤ ያልቻለውን እኔ እሞላለሁ» ብሎ መለሰ። ሰብሳቢዎቹ ለፔኒው በየቤቱ ሲዞሩ ባልና ሚስት ተጣልተው፣ አንዱ ሰክሮ፣ ሌላው ታሞ አገኙ። ዌስሊ ይህን ሲሰማ ለዓመታት የፈለገውን እንዳገኘ ተረዳ፤ አሥራ ሁለት ገደማ ሰዎች በየሳምንቱ ከአንድ መሪ ጋር ተቀምጠው «ነፍስህ እንዴት ናት?» የሚባባሉበት «ክላስ» ተመሠረተ። ማኅበርና ዕድር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያልመጣው ይጠየቃል፣ የጎደለው ይሞላለታል። ለመግባት የሚጠየቀው ከኃጢአት ለመዳን መፈለግ ብቻ ነበር፤ ለመቆየት ግን በ1743 የወጡትን ሦስት ደንቦች መጠበቅ ያስፈልጋል፦ ክፉ አለማድረግ፣ በጎ ማድረግ፣ የእግዚአብሔርን ሥርዓቶች ማዘውተር። እማማ ከጋና ይዘውት የመጡትን የክላስ ካርድ ከቦርሳቸው አውጥተው አሳይተውኛል፤ ጠርዙ ተልጧል፣ የተከፈለበት ወር ሁሉ በእስክሪብቶ ተመልክቷል።

ሥርዓቶች የሚባሉት ጸሎት፣ መጻሕፍትን መመርመር፣ ጾም፣ ቅዱስ ቁርባንና ክርስቲያናዊ ጉባኤ ናቸው፤ ጸጋ የሚፈስባቸው ቦዮች እንጂ ጸጋን የሚገዙ ዋጋዎች አይደሉም። ምሥጢራት የሚሏቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጥምቀትና የጌታ እራት። ሕፃናትን ያጠምቃሉ፤ ጸጋ ከሰው መልስ ይቀድማል ለሚል ሰው ይህ ከትምህርቱ ጋር የሚሄድ ነው፣ ወንድሜ ግን ፈጽሞ አይስማማም። በቁርባናቸው ብዙዎቹ ያልፈላ የወይን ጭማቂ ይጠቀማሉ፤ በ1869 ጭማቂው እንዳይፈላ የሚያደርገውን ዘዴ ያወጣውም ቶማስ ዌልች የተባለ ሜቶዲስት የጥርስ ሐኪም ነው። በዘቢብ የሚቀድሱትን የእኛን ካህናት ቢጠይቅ ኖሮ ድካም ይቀንስለት ነበር።

ስለ ገንዘብም ያስተማረውን ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ። በአግባቡ የቻልኸውን ሁሉ ሥራ፣ የቻልኸውን ሁሉ ቆጥብ፣ የቻልኸውን ሁሉ ስጥ ይላል። በወጣትነቱ ገቢው 30 ፓውንድ ሲሆን በ28 ኖሮ 2 ሰጠ፤ ገቢው 60፣ ከዚያም 90 ሲሆን አሁንም በ28 ኖሮ የቀረውን ሰጠ። እኔ ደመወዜ በጨመረ ቁጥር ምን እንደጨመርሁ አስቤ መጽሐፉን ለጥቂት ቀናት ዘግቼው ነበር።

«ሁሉ» ያለው ሰው በቃሉ ሊገኝ ይገባልና፣ ዌስሊ በ1774 የባሪያን ንግድ የሚያወግዝ ጽሑፍ አወጣ፤ በ1791 ከመሞቱ ስድስት ቀን በፊትም አንድ አፍሪካዊ የጻፈውን አንብቦ፣ ለፓርላማ አባሉ ለዊልበርፎርስ በትግሉ እንዲጸና ደብዳቤ ላከለት። ተከታዮቹ ግን እንደ እርሱ አልጸኑም። በፊላዴልፊያ ጥቁር ምእመናን ለጸሎት በተንበረከኩበት ከቦታቸው እንዲነሡ በመደረጉ፣ ሪቻርድ አለንና ጓደኞቹ ወጥተው በ1816 የአፍሪካውያን ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። በ1892 ደግሞ ፕሪቶሪያ ላይ ማንጌና ሞኮኔ የተባለ ሜቶዲስት ቄስ በነጮቹ አድልዎ ተማርሮ ወጣና የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሲመሠርት፣ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው መዝሙር ወስዶ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ሰየማት። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከአራት ዓመት በኋላ ከእነ አለን ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀላቀለች። ሁለቱም ሰዎች ሲወጡ የሜቶዲስትን ትምህርት አልተዉም፤ የወጡት ትምህርቱ የሚለው ስላልተፈጸመ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ስደውልላት ይህን ሁሉ ማንበቤን ነገርኋት። እዚሁ ለንደን በሲቲ ሮድ ያለውን፣ ዛሬ ሙዚየም የሆነውን የዌስሊን ቤት እንዳየሁ፣ ከመኝታ ክፍሉ ጎንም ዕቃ ቤት የምታህል የጸሎት ክፍል እንዳለች፣ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ይነሣ እንደነበር አወራሁላት። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይጾማል?» አለች። በኦክስፎርድ ሳለ ረቡዕና ዓርብን እንደ ጥንት ክርስቲያኖች ይጾም እንደነበር ነገርኋት።

«ረቡዕና ዓርብ?»

«አዎን እማዬ፤ ረቡዕና ዓርብ።»

ጥቂት ዝም አለችና «እንግዲያስ ደኅና ሰው ነበር» አለች። ቀጥላም «የዛሬዎቹስ? ጎረቤትህ ሴትዮስ ይጾማሉ?»

ያን ዕለት ረቡዕ ነበር፤ ጠዋት እማማ በሩን ሲከፍቱልኝ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ አብሮ ወጥቶ ነበር። «ዓሣ ይበላሉ» ብዬ ጀመርሁና ተውሁት፤ የመዝሙር መጽሐፉን ስመልስላቸው ጠይቄ እንደምነግራት ቃል ገባሁላት።